የሽማግሌው ጠርሙስ

በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽል ስም ማውጣት የሚወድ ሰው አይጠፋም። በካንሰር ሆስፒታሉ ምድር ቤት የምትሠራውን ሴት መጀመሪያ «ሞግዚቷ» ብሎ የጠራት ማን እንደሆነ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀረ። እውነትም ሥራዋ ማብላት ነው። ጠዋት ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ እጇን በአልኮል አሽታ፣ ጓንቷን አጥልቃ አየሩ እየተጣራ ከሚነፍስበት የመስታወት ሳጥን ፊት ትቀመጣለች። ከዚያ ትንንሽ ብልቃጦችን ከማሞቂያው አንድ በአንድ እያወጣች፣ ያደፈውን ምግብ መጥጣ ትደፋና አዲስ ትሞላለች። ምግብ የሚሉት ቀላ ያለ ውሃ ነው። በየብልቃጡ ግርጌ ተለጥፈው የሚኖሩት ደግሞ ከሕመምተኞች የተወሰዱ የካንሰር ሕዋሳት ናቸው፤ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። እንደ ሕፃን በሰዓታቸው ካልበሉ ያኮርፋሉ፣ ብርድ አይወዱም፣ ሞግዚታቸው ምንም ሳታጠፋም ይሞታሉ።

ካንሰር መቀለብ ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው ለሚል ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከሕመምተኛው የወጣው ሕዋስ ብልቃጥ ውስጥ ካደገ፣ ተከፋፍሎ የተለያየ መድኃኒት ይንጠባጠብበታል። የትኛው እንደገደለው ይታያል። ወሬው ደረጃውን ወጥቶ ፎቅ ላይ ላለው ሐኪም ይደርሳል፤ ሐኪሙም ያንኑ መድኃኒት ለባለቤቱ ይሰጠዋል። በአፍ ሲሉት ቀላል ነው። በእጅ ሲሠሩት ግን ከሚያድጉት የሚሞቱት ይበልጣሉ፤ ካደጉትም የብዙዎቹ መልስ ፎቅ የሚደርሰው አልጋው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ነርሶቹ ጥናቱን «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ያሙታል። ሞግዚቷ ሐሜቱን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። አንድ ቀን የአንዱ ሰው ሕዋስ በጊዜው ያድጋል፣ መልሱም በጊዜው ይደርሳል ብላ ታምናለች። ሞኝነት ነው ቢሏትም፣ ያለዚህ ሞኝነት በዚያ ምድር ቤት አንድ ሳምንት መቆየት አይቻልም።

ከብልቃጦቹ ሁሉ አልሞት ያለው አንድ ብቻ ነው። «ሽማግሌው» ይሉታል። ሕዋሱ የተወሰደው ሞግዚቷ ሥራ ሳትጀምር ከሞተ ሰው ነው፤ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ማን እንዳለቀሰለት የሚያውቅ የለም። ሕዋሳቱ ግን አብረውት አልተቀበሩም። ቢያበሏቸው ይበዛሉ፣ ቢረሷቸውም ይበዛሉ። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞከረው በሽማግሌው ላይ ስለሆነ ለክፍሉ ሰዎች ውለታ አለው። ጎረቤትነቱ ግን ክፉ ነው። ከእሱ አንዲት ሕዋስ ሾልካ ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ከገባች፣ ዳዋ ማሳ እንደሚውጥ ባለቤቶቹን ውጣ ቦታቸውን ትወርሳለች፤ በዓይን አይቶ የትኛው የማን እንደሆነ መለየትም ይቸግራል።

ስለዚህ ሕግ ወጣለት። ሽማግሌው ከሁሉም መጨረሻ ይበላል። አንገቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር የተጠመጠመበት የራሱ የምግብ ጠርሙስ አለው፤ ሕዋሱ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ከዚያ ሌላ ማንም አይበላም። እሱ ከበላ በኋላ የመስታወቱ ሳጥን ታጥቦ ይዘጋል፤ እስከ ማግስቱ ማንም አይበላም። የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰሯ ይህን ለአዲስ ሠራተኛ የሚነግሩት ከሰላምታ ቀጥለው ነው። ሌላም ሕግ አላቸው፤ የዘመድን ናሙና ዘመድ አይነካም። ናሙና ወደ ምድር ቤት የሚወርደው በቁጥር እንጂ በስም ባይሆንም፣ የማን እንደሆነ ያወቀ ሰው ተናግሮ ለሌላ ማስረከብ አለበት። እጅ የሚወደውን ሲይዝ ይንቀጠቀጣል ይላሉ።

ሞግዚቷ እናትና አባቷን በቅጡ አታስታውስም። ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ጢሙ ሳያቀመቅም ነው የቤት አባወራ የሆነው። የሰው ኮት ሲሰፋ ይውልና በተረፈው ቁራጭ የእሷን የትምህርት ቤት ልብስ ይሰፋል። ቁራጭ ጨርቅ ለልብስ አይበቃም ለኪስ ግን ይበቃል እያለ ቀሚሷ ላይ ኪስ በኪስ ስለሚደራርብባት፣ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ቦርሳ የማያስፈልጋት እሷ ብቻ ነበረች። ሊያገባ ሲል ለእጮኛው መጀመሪያ የነገራት «እህቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው» ብሎ ነው። ሚስቱም ቀና ሴት ሆነች። ልጅ አልወለዱም፤ ሰው ሲጠይቃቸው ሞግዚቷን እያሳዩ «ይቺን የምታክል ልጅ እያለችን» ይላሉ። ሞግዚቷም በጊዜዋ ከቤታቸው ወጥታ ለብቻዋ ኖረች፤ አላገባችም። ለምን ሲሏት «ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» ብላ ትስቃለች።

ወንድሟ በዚህ ነገር አይለቃትም ነበር።

«ልጆችሽ እንዴት አደሩ?» ይላታል፣ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ።

«አንዱ አሞታል፣ ጋሼ።»

«ካንሰርን የሚያመው ደግሞ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ስሙን ንገሪኝና ለሰፈሩ ሁሉ እንግዛለት።»

ቀልዱ ያበቃው የራሱ ሆድ ማበጥ የጀመረ ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊነቱ ጎዳው ማለት ይቻላል። ሌላ ሰው ቢሆን ሱሪው ሲጠበው ደንግጦ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ እሱ ግን የወገቡን ስፌት እየፈታ እያሰፋ፣ እየፈታ እያሰፋ ወራቱን ፈጀው። ሚስቱ ጎትታ ስትወስደው ካንሰሩ ከጨጓራው ወጥቶ ሆድ ዕቃውን አዳርሶ ነበር። ያበጠውም ውሃ ነው። በቀዶ ጥገና የሚሆን ነገር የለም፣ የቀረው መድኃኒት ነው ተባለ።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። ሕመምተኞቹ በከረጢቱ ቀለም «ነጩ» እና «ቢጫው» ይሏቸዋል። ነጩ ያስመልሳል፣ ፀጉር ያረግፋል፣ አልጋ ላይ ያውላል። ቢጫው ደግሞ የጣት ጫፍ ያደነዝዛል፤ የደነዘዘው ጣት አንዳንዱ ሰው ላይ ተመልሶ አይነቃም። ወንድሟ ይህን እንደሰማ እጆቹን አልጋ ልብሱ ላይ ዘረጋቸው።

«ዶክተር፣ ሆዴን እንደፈለጉ ያድርጉት» አለ። «ጣቴን ብቻ አይንኩብኝ። መርፌ የማይዝ ልብስ ሰፊ ምን ተብሎ ይጠራል?»

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ሕመምተኛ ሲያነጋግር የመቀመጥ ጥሩ ልማድ አለው። «ስንጀምር ብዙ ጊዜ ነጩን ነው የምንሰጠው፤ አይስጉ» አለው። «ግን አንድ ጥናት አለን። ከሆድዎ የሚቀዳውን ውሃ ምድር ቤት እንልከዋለን። ውስጡ ያለው ሕዋስ ካደገ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይተን እሱን እንሰጥዎታለን። እንደ ልብስ በልክዎ እንሰፋልዎታለን ማለት ነው።»

ወንድሟ ሳቀ። በራሱ ሙያ ያነጋገረው ሐኪም አጋጥሞት አያውቅም። በጥናቱ ለመግባት ፈረመ።

በማግስቱ ከፎቅ የወረደው ጠርሙስ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረበትም። ሞግዚቷ ግን የወንድሟ ሆድ ሲቀዳ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር፤ የውሃውን መልክ አውቃዋለች፣ በዚያ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሆድ አልተቀዳም። ፕሮፌሰሯ ከጎኗ ነበሩ። «ይህ የወንድሜ ነው» ማለት ብቻ ነበረባት። አላለችም። የጋሼን ሕዋስ በሰው እጅ ላይ ልጥለው ነው? ብላ አሰበች። ከእሷ የተሻለ የሚያበላ በዚያ ክፍል እንደሌለ ደግሞ ራሳቸው ፕሮፌሰሯ ሲናገሩ ሰምታለች። ነገሩን ሆዴ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

የወንድሟ ሕዋሳት ግን አልበላ አሉ። ብልቃጡ ግርጌ ላይ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ብለው ተቀመጡ እንጂ ወይ አይበዙ፣ ወይ አይሞቱ። ፎቅ ላይ ሆዱ እየሞላ ነው፤ ዶክተሩ የብልቃጡን መልስ ጠብቆ ነው መድኃኒት የሚጀምረው፤ ካልመጣ ግን ነጩን እጀምራለሁ ብሏል። ሕዋስ የሚበላው አንድ ቀን እየዘለለ ነው፤ ሞግዚቷ የእሱን በየቀኑ ታበላ ጀመር። ማብላት ብቻ ሳይሆን ታባብላቸዋለች። «ብሉ እንጂ፤ በሱ ሆድ ውስጥ እኮ እንዲህ ጭምት አይደላችሁም» ትላቸዋለች፣ ሰው እንዳይሰማት ጭንብሏ ውስጥ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሽማግሌው በልቶ ካበቃ በኋላ፣ የመስታወቱን ሳጥን ልታጥብ ስትነሳ አንዴ ልያቸው አለች። ብልቃጡን ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው። ጠዋት ካየቻቸው አንሰዋል፤ ጠርዛቸው ተኮማትሯል። አሁኑኑ ካልበሉ ያልቃሉ ብላ የምግባቸውን ጠርሙስ ብታነሳው ባዶ ነው፤ በየቀኑ ስታበላ ሳታስበው ጨርሳዋለች። አዲሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ቀዝቃዛ ምግብ ደግሞ ይገድላቸዋል፣ እስኪሞቅ ይቆያል። ፎቅ ላይ የመጠየቂያ ሰዓት ሊያበቃ ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የሆስፒታል ሠራተኛ ነኝ ቢሉት የማይሰማ፣ ከዘጋ ለእናቱም የማይከፍት ሰው ነው። ጋሼ ደግሞ በር በሩን እያየ ይጠብቃታል።

ጥቁር ፕላስተር ያለው ጠርሙስ እጇ አጠገብ ነበር፤ እስከ ግማሹ ሙሉ፣ ለብ ያለ።

ምግቡ ያው ምግብ ነው። መምጠጫውን ፒፔት ቀየረች፣ የጠርሙሱን አፍ በአልኮል ጠረገች፣ ቶሎ መጠጠች፣ ቶሎ ጨመረች። ብልቃጡን ማሞቂያው ውስጥ መልሳ፣ ሳጥኑን አጥባ፣ ጋዋኗን አውልቃ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። ዘበኛው ሊዘጋ ሲል ደረሰች። ወንድሟ «ዘገየሽ» ሲላት «ልጆቼን ሳበላ ነው» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም። ያን ቀን ማታ ጠርሙሱን ረስታው በእርጋታ ተኛች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ብልቃጡ ለመለመ። ጠብ ጠብ ብለው የነበሩት መንደር ሆኑ፣ ቀጥሎ ከተማ ሆኑ። ፕሮፌሰሯ አይተው «እንዲህ የዘገየ ናሙና እንዲህ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። ምን አብልተሻቸው ነው?» አሉ። ሞግዚቷ «ፍቅር» ልትል አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። ክፍሉ በሙሉ ተደሰተ። ለስንት ዓመት ሲሞት ያየ ሰው አንድ ነገር ሲያድግለት አይመረምርም።

ሠራተኛው ሁሉ ምሳ በወጣበት ሰዓት ወንድሟን በተሽከርካሪ ወንበር አድርጋ አወረደችው። ልታሳየው ቃል ገብታለት ነበር። ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ደግኖ ብዙ ቆየ።

«እነዚህ ናቸው እኔን የሚበሉኝ?» አለ።

«እነሱ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ሥራ ወዳድ ናቸው። ጥግ ለጥግ ተጠጋግተው፣ ክፍተት ሳይተዉ። እንዲህ ጥቅጥቅ አድርጎ የሚሰፋ ሠራተኛ ስፈልግ ኖሬ አጣሁ፤ ለካ ሆዴ ውስጥ ናቸው።»

ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ነገሩ እንዲህ መልካም ሆኖ ስታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወንድሟ እጁን ብልቃጡ ላይ አድርጎ «ሙቀታቸው የሰው ነው» አለ።

መድኃኒቶቹ ተንጠባጠቡ። ነጩ የነካቸው ሕዋሳት ምንም እንዳልነካቸው ማደጋቸውን ቀጠሉ። ቢጫው የነካቸው ግን ተጠራርገው ሄዱ፤ የቀረው ባዶ ብልቃጥ ነው። መልሱ ፎቅ ወጣ። ዶክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገሩን አስረዳ፤ ስለ ጣቶቹም አልደበቀም። ውሳኔው የእርስዎ ነው፣ ነጩን ካሉም እሰጥዎታለሁ ብሎ ወጣ። ወንድሟና ሚስቱ ሞግዚቷን አዩ።

«ጣቴስ?» አለ።

«ጣትህ ይመለሳል፣ ጋሼ። ባይመለስስ? አንተ ከሌለህ ጣት ምን ያደርጋል?»

«አንቺ ምን ትያለሽ? ሐኪሙን ተይው። አንቺ።»

«በዓይኔ ነው ያየሁት። ነጩን እንደ ዝናብ ነው የቆጠሩት። ቢጫው ግን አንድም አላስቀረ።»

«እንግዲያው ቢጫው ይሁን» አለ። «አንቺ ካልሽ ሌላ ማን ሊለኝ ነው?»

ቢጫው ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር አፉ ቆሰለ። በቀጣዩ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጣቱን እንደ እሳት ያቃጥለው ጀመር። ከዚያ ማቃጠሉ ቀረና ዝምታ መጣ። ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር፤ አንድ ቀን ለጎረቤት የጀመረውን ኮት ጠርዝ ልጨርስ ብሎ ተቀመጠ። ሚስቱ ስትገባ ደም አየች። የግራ ጣቱን ጫፍ ከኮቱ ጋር አብሮ ሰፍቶታል፤ መርፌው እየወጣ እየገባ እንኳ አልታወቀውም። ክሩን ቆርጣ ስታላቅቀው ጨርቁን እንጂ ጣቱን አላየም። «የሰው ኮት አቆሸሽኩ» አለ። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናው ፊት ይቀመጣል እንጂ አይሰፋም።

ሆዱስ? ሆዱ ተመልሶ ሞላ። ተቀድቶ እንደገና ሞላ። ዶክተሩ «አንዳንዴ ጊዜ ይወስዳል» ይል ነበር፤ ቆይቶ እሱንም ማለት ተወ። ሞግዚቷ ግን በዓይኔ አይቻለሁ እያለች ራሷን ታጽናናለች። ያየችውን ማን ይወስድባታል?

የወሰደባት ከውጭ የመጣ አንድ ምርመራ ነው። ፕሮፌሰሯ ጥናቱን ጽፈው ከማሳተማቸው በፊት፣ በየብልቃጡ ያደገው ሕዋስ በእርግጥ የባለቤቱ መሆኑ ከራሱ ደም ጋር ይመሳከራል። ይህ ከመድኃኒቱ በፊት እንጂ በኋላ ነው ወይ የሚደረገው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ልክ ነው። መሣሪያው እነሱ ጋ የለም፤ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ናሙና ተጠራቅሞ በአንድ ላይ ነው የሚላከው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሠሩት፤ ሁልጊዜም ደህና ነበር። ሰው ሁሉ ደህና የነበረበትን መንገድ ያምናል፣ እስኪሰበርበት ድረስ።

ፕሮፌሰሯ ሞግዚቷን ቢሯቸው ጠርተው በሩን ዘጉ። ቁጥሩን ነገሯትና «ሕዋሳቱ የዚህ ሰው አይደሉም» አሉ።

«የማን ናቸው?»

«የሽማግሌው።»

ያኔ ጠርሙሱ ትዝ አላት። ጥቁሩ ፕላስተር፣ ለብ ያለው ምግብ፣ ደረጃው፣ ዘበኛው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። አልካደችም፤ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ሰውየውም ወንድሟ መሆኑን ነገረቻቸው።

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ይወስዱብኛል ብዬ።»

«እወስድብሽ ነበር» አሉ። አልጮሁባትም። ምርመራውን ሳልጠብቅ መልሱን ወደ ፎቅ የላክሁት እኔ ነኝ፣ ከጥፋቱ የእኔ ድርሻ ይበልጣል አሉ። ይህን ያሉት ከልባቸው ነው፤ ለሞግዚቷ ግን ምንም አልፈየደላትም። ከመጀመሪያው ናሙና በበረዶ የተቀመጠች ጥቂት ነበረች፤ ያን ዕለት ፕሮፌሰሯ አስወጥተው ሌላ ሠራተኛ ብልቃጥ ውስጥ እንዲያሳድጋት ሰጡ፤ አልነሳችም።

ዶክተሩ ዜናውን ሲሰማ ግድግዳውን ተደገፈ። ሞግዚቷ ነጩን አሁን ስጠው ብላ ለመነችው።

«ደሙ ወርዷል፣ ኩላሊቱ ደክሟል» አላት። «አሁን ነጩን ብሰጠው ከበሽታው ቀድሜ የምገድለው እኔ ነኝ።»

«መጀመሪያውኑ ነጩን ቢወስድ ኖሮስ?»

«አላውቅም። ሊሠራ ይችል ነበር። ላይሠራም ይችል ነበር። ሕዋሱ ስለሌለን መቼም አናውቅም።» ከዚያ «ነገ ጠርቼው እኔ ነኝ የምነግረው፤ የእኔ ኃላፊነት ነው» አላት።

«ዛሬ እኔ ልንገረው፣ ዶክተር። ከሌላ ሰው አፍ አይስማው።»

ቤታቸው ስትደርስ የወንድሟ ሚስት ጓዳ ውስጥ ድስት ታጥባለች። «እሱ ጋ ግቢ፣ መጣሁ» አለቻት። ወንድሟ መስኮቱ አጠገብ ካለው የስፌት መኪና ፊት ተቀምጧል። ሸሚዙ ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሎ ተከፍቷል፣ አንገቱ ቀጥኖ ኮሌታው ውስጥ ይዋኛል። ፊቷን አየና ምንም ሳትናገር ክፉ ነገር እንዳለ ገባው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

«ተናገሪው» አለ። «ስታጠፊ እንዲህ ነው የምትቆሚው፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ።»

«ጋሼ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ያየሃቸው ያንተ አልነበሩም።»

«የማን ነበሩ?»

«የሞተ ሰው። ድሮ የሞተ። ክፍላችን ውስጥ ያለ።» ስለ ጠርሙሱ ነገረችው። ምግቡ ማለቁን፣ አዲሱ ቀዝቃዛ መሆኑን፣ የመጠየቂያው ሰዓት እንዳያልፍባት መቸኮሏን፣ ምንም ሳታስቀር።

ሳያቋርጣት ሰማ። «ቢጫው የገደለው ያንን ሰው ነዋ።»

«አዎ።»

«በሞተ ሰው ልክ ነው የሰፋችሁልኝ።»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«የእኔዎቹስ?» አለ። «ብልቃጥ ውስጥ የነበሩት?»

«ሞቱ፣ ጋሼ። ሽማግሌው በላቸው።»

ሆዱን ቁልቁል አየው። «እዚያ ኑሩ ሲባሉ ሞቱ፤ እዚህ ሙቱ ሲባሉ ኖሩ። እልኸኞች ናቸው። የእኔ ለመሆናቸው አሁን ነው ያመንኩት።» ሊስቅ ሞከረና ሳቁ አልመጣለትም። «ነጩስ? አሁን አይሆንም?»

«ሰውነትህ አይችለውም ብሏል።»

«መጀመሪያ ቢሆንስ ያድነኝ ነበር?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

«ባያድነኝም ጣቴ ይኖር ነበር» አለ። «እየሰፋሁ እሞት ነበር።»

ይህን ሲናገር ድምፁ አልተቆጣም፤ እሷን የጎዳትም እሱ ነው። ቢሰድባት፣ ቢመታት ትመርጥ ነበር። እግሩ ሥር ወድቃ አለቀሰች፤ ይቅርታ ብትል ቃሉ አነሰባት። ወንድሟ የደነዘዘ እጁን አንስቶ ጭንቅላቷ ላይ አደረገው፤ ፀጉሯ መሆኑ እንደማይታወቀው ሁለቱም ያውቃሉ።

«አልረግምሽም» አለ። «ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፤ ብረግምሽ ወደ ራሴ ነው የሚመለሰው። ግን ዛሬ ፊትሽን ማየት ከብዶኛል። ሂጂና ነገ ነይ።»

ተነስታ ዓይኗን ስትጠርግ ሚስቱ እጇን በጨርቅ እያደረቀች ገባች። ሁለቱንም አየቻቸው፤ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆናችኋል? ምን አለች? ለምንድን ነው የምታለቅሰው?»

ሞግዚቷ አፏን ከፈተች። ወንድሟ ቀደማት።

«የደስታ ነው» አለ። «ውጤቱ መጣ። መድኃኒቱ እየሠራ ነው አለችኝ።»

«እውነት? እውነትሽን ነው? ሆዱ እየሞላ፣ ሰውነቱ እያለቀ እኔኮ...» ቃሏን አልጨረሰችውም። ዘልላ የሞግዚቷን ሁለት እጆች ያዘች፣ መዳፏን እያገላበጠች ሳመች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳመች። «ተመስገን! እነዚህ እጆች አይሙቱብኝ! በእነዚህ እጆች ነው ባሌ የተረፈልኝ!»

ሞግዚቷ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ በዓይኑ ዝም በይ አላትና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ሚስቱ መሳሟን አላቆመችም፤ ሞግዚቷም እጆቿን አልነጠቀቻትም።